ካቻቢቴው የት ገባ?
የቤት ጋራዥን በግድግዳ ላይ ስለ ማደራጀት

ለመኪና ተብሎ በተሠራ የግቢ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቦታ የሚያጣው መኪናው ነው። ከግንባታ የተረፈ ቆርቆሮና ፌሮ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ የደረቀ ቀለም ያለበት ጣሳ፣ ክሪክና ያረጀ ጎማ ወለሉን ይዘውታል። ከክምሩ ሥር አንድ ካቻቢቴ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ሲፈለግ ግን አይገኝም። ፈላጊው ተሰላችቶ ከሱቅ አዲስ ይገዛል። ክምሩ አንድ ቀን ሲነሳ ሦስት ካቻቢቴ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግድግዳው ባዶውን ቆሟል። መሣሪያን ግድግዳ ላይ መስቀል ወለሉን ነፃ ያወጣል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ የተሰቀለ ዕቃ ከቦታው ሲጠፋ ያስታውቃል። ሣጥን ውስጥ ያለ ዕቃ መጥፋቱ የሚታወቀው በተፈለገ ጊዜ ብቻ ነው።

ፋብሪካዎች ይህን አሠራር ከጃፓኑ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ከካይዘን ያውቁታል። በጃፓን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ የሥራ ቦታን ማደራጀት በአማርኛ «አምስቱ ማዎች» እየተባለ በሥልጠና ይሰጣል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ለቤት ጋራዥም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ማጣራት

ዝናብ በሌለበት ቀን ሁሉንም ዕቃ ወደ ግቢ ያውጡ። ከዚያ በሦስት ይክፈሉት፦ የሚሠራበት፣ ለሰው የሚሰጥ፣ ለቆራሌው የሚሆን። «አንድ ቀን ይጠቅመኛል» የሚባለው ዕቃ ነው ጋራዡን የሞላው፤ ስለዚህ መቼና ለምን እንደሚጠቅም መናገር ካልቻሉ ይሸኙት። ከሚመሳሰሉት ውስጥ ደህናውን ያስቀሩ።

ማስቀመጥ

ከመብሳትዎ በፊት ግድግዳዎን ይወቁ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፑንታው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገብቶ ባዶ ቦታ ላይ ይደርሳል። ድሪሉን መደብደቢያው ላይ ሳያደርጉ በማሽከርከር ብቻ ይብሱ፤ አለበለዚያ የብሎኬቱ ገጽ ይፈረካከሳል። ፑንታውና ፊሸሩ እኩል ቁጥር ይሁኑ፤ ለባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር ባለ 8 ፑንታ ማለት ነው። ልስን ክብደት ስለማይሸከም ፊሸሩ ልስኑን አልፎ ብሎኬቱ ውስጥ መግባት አለበት። ለከባድ ዕቃ የኮንክሪት ምሰሶው ይመረጣል። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ግድግዳውን እያንኳኩ ቋሚውን እንጨት ይፈልጉና እዚያ ላይ ይምቱ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ትክክል በላይም ሆነ በታች ግን አይብሱ፤ የመብራት ሽቦ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ በዚያ መስመር ነው።

ቀጥሎ ሁለት ሞራሌ በውሃ ልክ አስተካክለው በአግድም ይሰሩ፤ እያንዳንዱን ሦስት አራት ቦታ ላይ በፊሸርና በቪቲ ያጥብቁ። መሣሪያዎቹ የሚሰቀሉበት ሰሌዳ የሚታሰረው በሞራሌዎቹ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ሸክሙ በብዙ ነጥብ ይከፋፈላል፤ በሰሌዳውና በግድግዳው መካከል ነፋስ ስለሚያልፍም የክረምት እርጥበት መሣሪያውን ቶሎ አያዝገውም። በየ25 ሚሊ ሜትሩ የተበሳና መንጠቆ የሚገባበት ሰሌዳ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ወፍራም ኮምፔንሳቶና ሚስማር ይበቃሉ።

ሰሌዳውን ከመስቀልዎ በፊት ወለል ላይ አስተኝተው መሣሪያዎቹን ይደርድሩበት። የኤሌክትሪኩ ከኤሌክትሪኩ፣ የቧንቧው ከቧንቧው፣ የእንጨቱ ከእንጨቱ ጋር ይሁን። ዘወትር የሚነሱት ፒንሳ፣ መዶሻና ሜትር ከወገብ እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ላይ ይቀመጡ፤ አካፋና ዶማ ወደ ታች፣ መጋዝና ገጀራ ልጅ ከማይደርስበት በላይ ይሁኑ። ድርድሩ ደስ ሲያሰኝዎ በእያንዳንዱ መሣሪያ ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩ፤ በኋላ በቀለም ያድምቁት።

መስመሩ ጌጥ አይደለም። አሜሪካዊቷ የምግብ ባለሙያ ጁልያ ቻይልድ በወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ድስትና መጥበሻዋን የምትሰቅለው ባሏ ፖል በሣለው የየዕቃው ቅርጽ ላይ ነበር፤ ወጥ ቤቱ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይታያል። ድስቱን ያጠበ ሰው ሁሉ መጠየቅ ሳያስፈልገው ቦታውን ያገኘዋል።

ለሚስማር፣ ለብሎንና ለዳዶ አፉ የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይበቃል፤ ውስጡ ከውጭ ይታያል። ክሪክ፣ ባትሪና የመኪና ጎማ ወለል ላይ ይቆዩ። ቤንዚን፣ ቀለም ማቅጠኛና የተባይ መድኃኒት ከእሳትና ከፀሐይ ርቀው በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጡ።

ማጽዳትና ማላመድ

መሣሪያ አፈርና እርጥበት ይዞ አይሰቀል፤ ይጠረግ፣ ብረቱም በጨርቅ ስስ ዘይት ይቀባ። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ አንድ ደንብ ይወቁ፦ ያነሳ ይመልሳል።

ማዝለቅ

አስቸጋሪው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያ ከግቢ ይወጣል። ጎረቤት መሰላል ወይም ትራፓኖ ሲጠይቅ «የለም» ማለት ነውር ነው፤ ከወር በኋላ «መልስልኝ» ማለትም ያሳፍራል። ለዚህ ትንሽ ብልሃት አለ፦ ዕቃውን ሲሰጡ የወሳጁን ስምና ቀኑን በወረቀት ጽፈው ባዶው ሚስማር ላይ ይስቀሉ። ጎረቤትዎ ሌላ ዕቃ ሊዋስ ሲመጣ ስሙን በራሱ ዓይን ያነባል። እርስዎ ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም።