የአድዋ ዋዜማ ቴምብሮች

አፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያወጁት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ የሥዕሉን ቅርጽ የሠራው ፈረንሳዊው ኤዤን ሙሾን ነበር። በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ይታያል። ከሁሉ የሚያኮራው ግን የአገሩ ስም በራሳችን ፊደል መጻፉ ነው። በላቲን ፊደል «ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ የታተመባቸው ዘግይቶ ነው።

ዘመኑን ልብ እንበል። ጣሊያን የኢትዮጵያን ነጻነት ሊነጥቅ ይዘጋጅ ነበር። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. የሸዋ ጦር ወረኢሉ ላይ እንዲከት ታዘዘ፤ ጉዞው ወደ አድዋ ነበር። የራስ ቴምብር የነጻነት ምልክት ነውና፣ በዚያው ጊዜ ፖላንድ በሦስት ኃያላን ተከፋፍላ የራሷ ቴምብር አልነበራትም፤ ዛሬ ባህሏንና ቅርሷን በቴምብር የምታስተዋውቀው ነጻነቷን መልሳ በማግኘቷ ነው።

እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ ግን የኢትዮጵያ ቴምብር ብቻውን ባሕር ማዶ አያደርስም ነበር፤ ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብርም ይለጠፍበት ነበር። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ የላሊበላ መስቀሎች፣ የአክሱም ሳንቲሞችና ዋልያ በቴምብር ላይ ወጥተዋል። የኢትዮጵያን ቴምብሮች አዲስ አበባ በሚገኘው የፖስታ ሙዚየም ማየት ይቻላል።