ዓይንዎ ሲያርፍ ጆሮዎስ?

የከተማ ፓርኮች በምናየውና በምንሰማው በኩል ለጤናችን የሚያደርጉት

ቅዳሜ ከሰዓት ነው እንበል። የሳምንቱ ሩጫ አልቋል፤ ልጆች «ዛሬ የት እንሂድ?» እያሉ ነው። ብዙዎቻችን የምንመርጠው ወይ ካፌ፣ ወይ ሞል፣ ወይ የዘመድ ቤት ነው። ፓርክ ከተነሳም የሚታሰበው ለፎቶ ነው፤ ከፋውንቴኑ ፊት ቆሞ፣ ከአበባው አጠገብ ተደርድሮ፣ ከዚያ ወደ መኪና መመለስ። ፓርክ ግን ከፎቶ ያለፈ ሥራ አለው። እርስዎ ሳያውቁት የልብ ምትዎን፣ ሐሳብዎንና ትዕግሥትዎን ይነካል። ይህን የሚያደርገውም በሁለት በር ገብቶ ነው፤ በዓይንና በጆሮ።

ጆሮ ቆብ የለውም

ዓይን ሲደክመው ይከደናል። ጆሮ ግን ተኝተንም ክፍት ነው። እስኪ ከማለዳ ጀምሮ የሚሰሙትን ይቁጠሩ፤ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ የመኪና ክላክስ፣ «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ፣ የጎረቤት ሕንፃ ግንባታ፣ የጄነሬተር ጩኸት፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቅናሽ የሚለፍፍ ስፒከር። «ለምደነዋል» እንላለን። ሰውነታችን ግን ሙሉ በሙሉ አይለምደውም። ድንገተኛ ጩኸት ሲሰማ አንጎል አደጋ የመጣ ያህል ይቆጥረዋል፤ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ይህ በእንቅልፍ ላይ ሳለንም ይከሰታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመንገድ ትራፊክ ድምፅ በአማካይ ከ53 ዴሲቤል በታች እንዲሆን የመከረው ለዚህ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ሁለት ሰዎች ተቀራርበው የሚያደርጉት ተራ ጨዋታ 60 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። በዋና መንገድ ዳር የሚኖር ቤተሰብ ጆሮው ምን ያህል እንደሚደክም ከዚህ መገመት ይቻላል።

በመስኮት የታየ ዛፍ

አረንጓዴ ነገር ማየት ለሕመምተኛ ሳይቀር እንደሚጠቅም ካሳዩት ጥናቶች በጣም የሚታወቀው የሮጀር ኡልሪክ ነው። ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት በአሜሪካ ፔንስልቬንያ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች የሚመለከት ነበር። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፎችን ያሳያል፤ የሌሎቹ ደግሞ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱም አንድ ቀን አይሞላም። ቢሆንም በብዙ አገሮች የሆስፒታል ግቢዎች እንዴት መታነጽ እንዳለባቸው ያነጋገረ ሥራ ሆኗል።

ትኩረትዎን የማይሻማ ቦታ

የምሠራው በማርኬቲንግ ነው። ሙያዬ በአንድ ቃል ቢጠቃለል የሰውን ትኩረት መሻማት ነው። ቢልቦርዱ፣ የስልኩ ማሳወቂያ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያው ሁሉ «ወደ እኔ እይ» ይላል። እርስዎም ቀኑን ሙሉ «አይ፣ አሁን አይደለም» እያሉ ሐሳብዎን ወደ ሥራዎ ለመመለስ ይታገላሉ። የሚያደክመው ይህ ትግል ነው።

ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ይህን በሚገባ አብራርተውታል። እነርሱ እንደሚሉት ታግለን የምናመጣው ትኩረት ያልቃል፤ እንዲታደስም ዕረፍት ይፈልጋል። የሚወዛወዝ ቅጠል፣ የሚያልፍ ደመና፣ የሚፈስ ውሃ ዓይናችንን ይስባሉ፤ ነገር ግን ምንም አይጠይቁንም። አይሸጡልንም፣ መልስ አይጠብቁም። በዚህ መካከል የደከመው ትኩረት ያገግማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት በዛፎች መካከል በእግራቸው የሄዱ ሰዎች ቁጥሮችን ከኋላ ወደ ፊት በቃላቸው የመድገም ችሎታቸው ተሻሽሏል። በከተማ መንገድ የሄዱት ያንን ያህል አላሻሻሉም። የሚገርመው፣ በብርድ ወቅት የሄዱትና እምብዛም ያልተደሰቱትም ጥቅሙን አግኝተዋል።

ወፍና ውሃ

ታዲያ ዓይን ዛፍ እያየ ጆሮ ክላክስ ቢሰማ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2010 በስዊድን የተሠራ ጥናት ሰዎችን በከባድ ሒሳብ ካስጨነቀ በኋላ የተለያየ ድምፅ አሰምቷቸዋል። የውሃና የወፍ ድምፅ የሰሙት ከጭንቀቱ ለመውጣት የፈጠኑ ሆነው ተገኝተዋል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ተመራማሪዎች የወጣው ደግሞ 295 ሰዎችን ለ6 ደቂቃ ብቻ አሰምቶ ነው፤ የወፍ ዝማሬ የሰሙት ስጋታቸው ሲቀንስ፣ የትራፊክ ድምፅ የሰሙት ስሜታቸው ወደ ድብርት አዘንብሏል።

ለምን ወፍ? ተመራማሪዎች ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ ቀላል ነው። አዳኝ አውሬ ሲመጣ ወፎች ዝም ይላሉ፤ ሲዘምሩ ግን አካባቢው ሰላም ነው ማለት ነው። ውሃ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የፏፏቴና የፋውንቴን ድምፅ ሰፊ ስለሆነ የመኪናውን ጩኸት ይሸፍናል። መኪናው አልቀረም፤ ጆሮዎ ግን ያርፋል።

ለልጆች ዓይን

ወላጆች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ልጆች ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን የሚያሳልፉት ጊዜ ሲጨምር ሩቅ ያለማየት ችግር የመጀመር ዕድሉ ይቀንሳል። በቻይና ጓንግዡ ከተማ ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የውጭ ጊዜ ተጨመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ችግሩ አዲስ የታየባቸው ከተጨመረላቸው ልጆች መካከል 30 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ካልተጨመረላቸው መካከል ግን ወደ 40 በመቶ የሚጠጉ ነበሩ። ዋናው ምክንያት ብርሃኑ እንደሆነ ይታመናል፤ የቤት ውስጥ አምፖል የቱንም ያህል ቢደምቅ የቀን ብርሃንን አይተካም።

በአዲስ አበባ የት?

ከተማችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምርጫ አግኝታለች። አንድነት ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍተዋል። እስከ ዛሬ የመረጧቸው በዓይንዎ ከሆነ፣ እስኪ አሁን በጆሮዎ ይምረጧቸው።

እንጦጦ የነፋስ ቦታ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ነፋስ ሲነካው የሚያሰማው ሹክሹክታ ከታች ያለውን ከተማ ያስረሳል፤ ሽታውም እንዲሁ። ከፍታው ስለሚበርድ ግን ለልጆች ጃኬት አይርሱ። ወዳጅነት ፓርክ የውሃ ቦታ ነው። የጉለሌ እፅዋት ማዕከል ደግሞ የከተማ አስተዳደሩና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍን ሰፊ ስፍራ ነው። ጥድን፣ ወይራንና ኮሶን በስማቸው ለልጆች ማሳየት የሚፈልግ ወላጅ እዚያ ይሂድ።

ወፎቻችንንም ልብ ይበሉ። ማለዳና አመሻሽ ላይ በቡድን እየጮኸች በሰማያችን የምታልፈውን ረጅም ቆልማማ መንቁር ያላት ትልቅ ወፍ ሳይሰሟት አይቀሩም። ይህች ወፍ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ቦታዎች ብቻ ነው። ከሌላ ዓለም የሚመጡ ወፍ አፍቃሪዎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚፈልጓትን እኛ በቡና ሰዓታችን እንሰማታለን።

ሲሄዱ እነዚህን ይሞክሩ

በማለዳ ይሂዱ። ወፎች በብዛት የሚዘምሩት ያኔ ነው፤ ሰውም ገና አልበዛም።

ጊዜውን ይከፋፍሉ። ወደ 20,000 በሚጠጉ የእንግሊዝ ነዋሪዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ ስፍራ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውና ስሜታቸው የተሻለ እንደሆነ የመናገር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በአንድ ቀን ቢሆን ወይም ተከፋፍሎ ቢሆን ልዩነት አላመጣም።

የድምፅ ጨዋታ ይጫወቱ። ልጆች ለሦስት ደቂቃ ዓይናቸውን ይጨፍኑና የሰሙትን በጣታቸው ይቁጠሩ። ማን የበለጠ ሰማ? ስልክ የማይቀሙበት፣ ጸጥ የሚያሰኙበት ጨዋታ ነው።

አረጋውያንን አይርሱ። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ያሉ እማማ ደረጃው ከብዷቸው ወራት ሳይወጡ ሊቆዩ ይችላሉ። ፓርክ መውሰድ ካልተቻለ ወንበራቸውን ዛፍ ወደሚያሳየው መስኮት ያዙሩላቸው። በረንዳ ላይ ሁለት ሦስት ማሰሮ አበባም ቀላል አይደለም። በሰፈርዎ ፓርክ ከሌለ ደግሞ ዕድሜ ጠገብ ዛፎች የቆሙበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይኖራል።

እርግጥ ፓርክ መድኃኒት አይደለም። ሳምንታት የዘለቀ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ድብርት ካለ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ጸጥታው እንዳይጠፋብን

አንድ ስጋት አለኝ። በሥራዬ ከቤት ውጭ የሚደረጉ ዝግጅቶችን አስተባብራለሁ፤ አረንጓዴ ስፍራ የመረጠ ደንበኛ ሳይቀር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሳውንድ ሲስተሙ ምን ያህል ነው?» ብሎ ነው። የሰርግ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮችም ሙዚቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ወጣትም ስልኩን በስፒከር ይከፍታል። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም ሲደመር ግን ያመለጥነው ጩኸት የመግቢያ ትኬት ቆርጦ ከኋላችን ይገባል።

መፍትሔው ሙዚቃን መከልከል አይደለም። ልጆች የሚሮጡበት፣ ሙሽሮች የሚጨፍሩበት ቦታ ይኑር፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ደግሞ ስፒከር የማይከፈትበት አንድ ጥግ ይከለል። ፓርክ ሲሄዱ አስተዳደሩን «ጸጥ ያለው ቦታ በየት በኩል ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከሌለ፣ እንዲኖር አስተያየት መስጫው ላይ ይጻፉ። ደንበኛ ደጋግሞ የጠየቀውን ነገር የትኛውም አገልግሎት ሰጪ ለረጅም ጊዜ ችላ ሊለው አይችልም፤ ይህን ከሙያዬ አውቀዋለሁ።