ፖስታው ላይ ምን ተጽፏል? የሕክምና መልእክት ከዱባይ ማሪና እስከ አጅማን

ዱባይ ማሪና ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ የሚሠራ፣ የቤት ኪራዩ ስለሚረክስለት ግን አጅማን የሚያድር አንድ ወንድማችን ከሥራ ቦታው አጠገብ ባለ ክሊኒክ ደሙን ያስመረምራል። ውጤቱ የክሬአቲኒን መጠኑ ከፍ ማለቱን፣ ይኸውም ኩላሊቱ መዳከሙን የሚያመለክት ነበር። በሳምንቱ ወገቡን አሞት አጅማን ወደሚገኝ ሐኪም ቢሄድ፣ ሐኪሙ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ቢፈልግ አንዳች ውጤት አላገኘም። ስለዚህ ዲክሎፌናክ አዘዘለት። ይህ የሕመም ማስታገሻ የደከመን ኩላሊት ይበልጥ የሚጎዳ መሆኑን የሕክምና ተማሪ ያልሆነም ሰው ሊያውቀው ይገባል። ወንድማችን ሁለት ቀን ከዋጠ በኋላ የምርመራውን ወረቀት አምጥቶ ባያሳየን ኖሮ ነገሩ የት ይደርስ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ክሊኒኩን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ልከናል» የሚል ነው። እውነትም ልከዋል። ደብዳቤው እንከን አልነበረበትም፤ የተበላሸው ፖስታው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማብራራት የምንሞክረውም ይህንኑ ነው።

በኤምሬትስ የሕክምና መረጃ የሚከማችበት ቋት አንድ ብቻ አይደለም። የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጣቸው ተቋማት ናቢድ ወደሚባለው ይልካሉ፤ አቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ መላፊ የሚባል አላት፤ ሻርጃና አጅማን ደግሞ በሪዓያቲ ሥር ናቸው። ሦስቱ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ የማሪናው ውጤት በደንቡ ናቢድ ቢገባ ኖሮ አጅማን ያለው ሐኪም ሊያየው ይችል ነበር።

አገር ቤት መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ ፖስታ ማለት ምን እንደሆነ ይረዳል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የደብዳቤውን ሐተታ አያነብም። የሚያየው ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ከማን እንደመጣና ለማን እንደተጻፈ ነው፤ እነዚህ ከጎደሉ ጉዳዩ የቱንም ያህል አንገብጋቢ ቢሆን ደብዳቤው ይመለሳል። የሕክምና ኮምፒዩተሮችም እንዲሁ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ኤች ኤል 7 የተባለ ድርጅት ባወጣው ደንብ ሁለተኛ ትውልድ መሠረት፣ የእያንዳንዱ መልእክት የመጀመሪያ መስመር ኤም ኤስ ኤች ይባላል፤ ፖስታው እርሱ ነው። ላኪው ፕሮግራምና ተቋም፣ ተቀባዩ ፕሮግራምና ተቋም፣ ቀንና ሰዓት፣ የመልእክቱ ዓይነት፣ መለያ ቁጥሩ፣ የደንቡ እትም፣ እንዲሁም መልእክቱ የእውነት ወይስ የሙከራ መሆኑ በዚሁ መስመር ይጻፋል። ቤቶቹን የሚለያየው ቀጥ ያለ ሰረዝ ራሱ እንደ 1ኛ ቤት ይቆጠራል፤ በዚህች ብቻ ስንቱ ጀማሪ በአንድ ቤት ተንሸራቶ የላኪውን ስም ከተቀባዩ ቦታ እንዳስገባ የሥራው ሰዎች እየሳቁ ይናገራሉ።

ታዲያ ይህን ፖስታ የሚሞላው ማነው? የክሊኒኩ ኮምፒዩተር የሚጽፈው በራሱ ቋንቋ ነው። መሐል ላይ ያለው ፕሮግራም ያንን ተቀብሎ ማዛመጃ በሚባል የሕግ ሠንጠረዥ፣ ባለሙያዎቹ ማፒንግ በሚሉት፣ ወደ ተቀባዩ ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ፖስታውንም እዚያው ያሽጋል። ከፖስታው ቤቶች አንዳንዶቹ የማይለወጡ ናቸው፤ የክሊኒኩ መለያ እንዲህ ያለ ነው። አንዳንዶቹ፣ እንደ ቀኑና እንደ መለያ ቁጥሩ፣ በየጊዜው አዲስ ይፈጠራሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከሰንጠረዥ ተፈልገው ይገኛሉ። አደገኞቹ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚፈለጉት በአንድ ሰው ግምት ነውና።

በወንድማችን ጉዳይ የሆነው እንደሚከተለው ነው። ከክሊኒኩ ባለሙያ ጋር ተቀምጠን ስናይ፣ ማዛመጃው ተቀባዩን የሚመርጠው በበሽተኛው አድራሻ ሆኖ ተገኘ። በሽተኛው የሚኖረው አጅማን፤ ስለዚህ ፖስታው ላይ ሪዓያቲ ተጻፈ። ክሊኒኩ ግን የዱባይ ክሊኒክ ነው፤ ተቀባዩ በላኪው ፈቃድ እንጂ በበሽተኛው መኖሪያ መመረጥ አልነበረበትም። ሕጉን የጻፈው ሰው ዱባይ ሠርቶ ሻርጃና አጅማን የሚያድረውን፣ ጧትና ማታ መንገድ ላይ የሚውለውን ያን ሁሉ ሕዝብ አላሰበውም።

ይበልጥ ያሳዘነን ግን ሌላ ነው። ደንቡ ተቀባዩ የመልስ ደብዳቤ እንዲልክ ያዛል፤ «ኤ ኤ» ማለት ተቀብያለሁ፣ «ኤ ኢ» ማለት ስሕተት አለበት፣ «ኤ አር» ማለት አልቀበልም ነው። መልሱ የመጀመሪያውን መልእክት መለያ ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ የትኛው እንደተመለሰ ወዲያው ይታወቃል። ለወንድማችንም ውጤት «ኤ አር» መጥቶ ነበር። ከተመላሾች ክምር ውስጥ ተቀመጠ፤ የሚያነበው አልነበረም። «ልከናል» የሚለው ቃል ከዚህ የመጣ ነው።

ሌሎችም ጥፋቶች አሉ፤ በአጭሩ እንለፋቸው። ማዛመጃው በሙከራ ጊዜ ይሠራበት የነበረው «ቲ» የሚል ምልክት «ፒ» ወደሚለው ሳይለወጥ ሥራ ቢጀመር እውነተኛው ውጤት ሁሉ እንደ ሙከራ ይቆጠራል። መለያ ቁጥሩ ከሰዓቱ ሰከንድ ብቻ ቢሠራ በአንድ ሰከንድ የወጡ ሁለት መልእክቶች አንድ ቁጥር ይይዛሉ፤ ተቀባዩም አንደኛውን ድግግሞሽ ነው ብሎ ሊጥለው ይችላል። የፊደሉ ዓይነት ካልተገለጸ ደግሞ የዐረብኛውም ሆነ የእኛው ፊደል የጥያቄ ምልክት ክምር ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ለመድን ድርጅቶች በሚላከው ሒሳብም ፖስታው ላይ የመዝገቦቹ ብዛት ይጻፋል፤ ብዛቱ ከውስጡ ጋር ካልተስማማ መልእክቱ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ፖስታው የሚያደርሰው እስከ ተቋሙ በር ነው። ከዚያ ወዲያ የማን መዝገብ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው ደብዳቤው ነው፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ክሊኒክ የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይጽፋል፤ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። በ784 የሚጀምረው ባለ 15 አሐዙ የኤምሬትስ መታወቂያ ቁጥር ግን ስለማይለዋወጥ በየቦታው እርሱን ማስመዝገብ ይበጃል። የልደት ቀንም በፓስፖርቱ ላይ ያለው እንጂ በእኛ አቆጣጠር የምናስታውሰው አይሁን።

ወደ አገር ቤት የምንመለስ ደግሞ አዲስ አበባ የተጻፈበት ፖስታ እንደማይታሸግልን እንወቅ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 2 የጤና መረጃ፣ ሚኒስቴሩ ከፈቀዳቸው ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ የታተመውን ውጤት ከመሄዳችን በፊት ጠይቀን በእጃችን እንያዝ። ወንድማችንን ያዳነውም ኪሱ ውስጥ ታጥፎ የነበረ ወረቀት ነው።

ክሊኒኩ ያንን አንድ መስመር አርሟል። ክምሩ ሲገለጥ የተገኘው የእርሱ ውጤት ብቻ አልነበረም፤ ዱባይ እየሠሩ ሻርጃ የሚያድሩ የሌሎች ሰዎችም ነበሩበት። ሁሉም ቁጥራቸው ሳይለወጥ፣ በአዲስ ፖስታ ለናቢድ ተልከዋል።