ትኩሳት የሚለይ ካሜራ እንዴት ይፈተናል?

ከኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወዲህ ሙቀት የሚለካ ካሜራ በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በሆስፒታል በርና በስብሰባ አዳራሽ መግቢያ የሚታወቅ ዕቃ ሆኗል። አንድ ማኅበረ ምእመናን ወይም ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በስጦታ ቢያገኝ ወይም ለመግዛት ገንዘብ ማሰባሰብ ቢጀምር፣ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ካሜራ በእውነት የታመመ ሰው ፊት ቆሞ ተፈትኗልን?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው ምን እንደሚለካና ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እንዴት እንደሚፈተን ለደጋፊዎቻችንና በየፕሮጀክቱ ለተሰማሩ ሠራተኞች እናስረዳለን።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ካሜራው ትኩሳትን በቀጥታ የማያይ መሆኑ ነው። የሚያየው የፊት ቆዳ የሚያወጣውን፣ ኢንፍራሬድ የተባለውን ለዓይን የማይታይ ጨረር ነው። ቆዳ ደግሞ ከሰውነት ውስጥ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። የውስጥ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ጤነኛ ሰው ግንባሩ ሲለካ ብዙውን ጊዜ 33 ወይም 34 ዲግሪ ገደማ ይገኛል። ስለሆነም መሣሪያው ባነበበው ላይ በስሌት ጥቂት ዲግሪ ጨምሮ «36.6» ብሎ ይጽፋል። የተጨመረው ግን ግምት ነው። በደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ በእግሩ ተጉዞ የመጣ ሰው ግንባሩ ስለሚቀዘቅዝ ትኩሳቱ ሊሰወር ይችላል፤ በአፋር ፀሐይ ተሰልፎ የቆየው ደግሞ ምንም ሳይታመም ትኩሳተኛ ተብሎ ከሰልፍ ሊወጣ ይችላል።

ለዚህ ዓይነቱ ካሜራ ዓለም አቀፍ መለኪያ ደረጃ የወጣው ከሳርስ ወረርሽኝ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከፊት ላይ ተመርጦ መለካት ያለበት ቦታ ግንባር ሳይሆን በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ ነው፤ በዚያ ደም ሥሩ ለቆዳው ቅርብ ስለሆነ ሙቀቱ በብርድና በነፋስ ቶሎ አይለዋወጥም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያም፣ ክፍሉ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ መሆን እንዳለበት፣ ሰው አንድ በአንድ፣ መነጽሩንና ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አቅንቶ መቆም እንዳለበት፣ ከመለካቱ በፊትም ቢያንስ 15 ደቂቃ በዚያ ክፍል መቆየት እንዳለበት ተገልጿል። ከዚህ አንጻር፣ እየሄደ ያለውን ሕዝብ በጅምላ ይለካል ተብሎ የሚነገርለትን ካሜራ በጥርጣሬ ማየት ተገቢ ነው።

ወደ ፈተናው እንምጣ። ብዙ ቦታ የሚደረገው «ፈተና» ሠራተኞቹ ተራ በተራ ካሜራው ፊት ቆመው 36.4፣ 36.6፣ 36.5 ሲል አይተው «ጥሩ ይሠራል» ማለት ነው። ይህ ግን ፈተና አይደለም። ለመጣው ሰው ሁሉ 36.5 የሚል ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትም ይህን ፈተና ያልፋል! ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች በገበያ ላይ ያሉ ሰባት መሣሪያዎችን መርምረው ያወጡት ጽሑፍ እንደሚያመለክተው፣ ብዙዎቹ ያነበቡትን ሙቀት በስሌት ወደ ጤነኛ ሰው ቁጥር የሚጎትቱ ነበሩ። እንዲህ ያለው ማሽን ትኩሳት ያለበትን ሰው ጤነኛ ነው ብሎ ያሳልፋል፤ በሩ ላይ ያለው ዘበኛም ሆነ ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ በከንቱ ይተማመናል።

በላቦራቶሪ ፈታኞች የሚጠቀሙት ሙቀቱ በትክክል የታወቀ ጥቁር ማመሳከሪያ ሰሌዳ ነው። ይህ በማይገኝበት ፕሮጀክት ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ለመነሻ ያህል ያገለግላል። የቆርቆሮው ውጭ በድስት ጥላሸት ወይም በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ይሸፈን፤ የሚያብለጨልጭ ብረት የሌላውን ነገር ሙቀት እያንጸባረቀ ካሜራውን ስለሚያሳስት ነው። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ ተሞልቶ፣ ቴርሞሜትር ተነክሮበት፣ በደንብ እየተማሰለ በ33፣ በ35፣ በ37 እና በ39 ዲግሪ ካሜራው የሚለው ይመዝገብ። መሣሪያው ለሰው የሚጨምረው ግምት ካለ ይጥፋ፤ ካልጠፋም ልዩነቱ በአራቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ይታይ። ውኃው ስድስት ዲግሪ ሲጨምር የካሜራው ቁጥር አንድ ዲግሪ ብቻ ከጨመረ መሣሪያው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የሰው ፊት ካላየ የማይለካ ካሜራ ከሆነ ቆርቆሮው አያገለግልም። በዚህ ጊዜ አንድ ጤነኛ ፈቃደኛ ሰው እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ በፊቱ ላይ ያድርግ፤ ፊቱንም አድርቆ ወዲያው ካሜራው ፊት ይቁም። ቆዳው በእርግጥ ሞቋል። ካሜራው አሁንም ያንኑ 36.5 ካለ፣ ቁጥሩ ከሰውየው ሳይሆን ከማሽኑ የመጣ ነው ማለት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በሕሙማን ላይ የሚደረገው ንጽጽር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በሦስት ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል የመጡ 2,873 ሰዎችን በሦስት ዓይነት ካሜራና በአፍ ቴርሞሜትር ለክቶ አነጻጽሯል። ሁለቱ ካሜራዎች ከቴርሞሜትሩ ጋር በመጠኑ ሲስማሙ ሦስተኛው እጅግ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሦስቱም ግን በገበያ ላይ የነበሩ ናቸው። የእኛ ጤና ጣቢያዎችም፣ በተለይ በወባ ወራት፣ በሕሙማኑ ፈቃድ በብብት የተለካውንና ካሜራው ያለውን ጎን ለጎን ሊመዘግቡ ይችላሉ። አምስትና ስድስት ሰው አይበቃም።

ጥሩ ካሜራ እንኳ ቢሆን ሒሳቡን ማስላት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል 1,000 ሰው በበር ቢያልፍና ከእነርሱ 10 ትኩሳት ቢኖርባቸው እንበል። ካሜራው ከአሥሩ ዘጠኙን ቢይዝ፣ ከጤነኞቹ ደግሞ ከአሥር አንዱን በስሕተት ቢያስቆም፣ የሚቆሙት 108 ይሆናሉ። ከእነዚህ ውስጥ ትኩሳት ያለባቸው 9 ብቻ ናቸው፤ 99ኙ በሰው ፊት ያለ ምክንያት የተነጠሉ ናቸው። አንዱ ትኩሳተኛ ደግሞ አልፎ ገብቷል።

በተጨማሪም ትኩሳትና ተላላፊ በሽታ አንድ አይደሉም። ፓራሲታሞል የወሰደ ሰው ትኩሳቱ ይበርድለታል፤ ወባ ያለበት ሰው ትኩሳት ቢኖረውም በትንፋሽ ለጎረቤቱ አያስተላልፍም። በሳርስ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ የካናዳ አውሮፕላን ማረፊያዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ መንገደኞችን መርምረው አንድም የሳርስ ሕመምተኛ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ከሞንሮቪያ የተነሣ አንድ መንገደኛም ሲለካ ትኩሳት አልነበረውም፤ ዳላስ ከደረሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በኢቦላ ታመመ። መሣሪያው በትክክል ለክቶ ይሆናል፤ ኢቦላ ምልክት ሳያሳይ እስከ 21 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ግን በዚያን ዕለት የሚገኝ ትኩሳት አልነበረም።

ስለዚህ ካሜራ የተረከበ ፕሮጀክት ከካሜራው ጋር የሚከተሉትንም ያዘጋጅ ዘንድ እንመክራለን፦ ከፀሐይና ከነፋስ የተጠለለ የመቆያ አግዳሚ ወንበር፣ ለተነጠለው ሰው ብቻውን የሚቀመጥበት ቦታ፣ በብብት የሚለካ ቴርሞሜትር ከነማጽጃው አልኮል፣ እንዲሁም «ከመቼ ጀምሮ አመመህ? ከየት መጣሽ?» ብሎ በትሕትና የሚጠይቅ የጤና ሠራተኛ። ለካሜራ የሚሆን ገንዘብ ገና በእጃቸው ያለ ማኅበረ ምእመናን በዚያው ገንዘብ ብዙ ቴርሞሜትር መግዛት ይችላሉ። ካሜራው በእጃቸው ያለ ደግሞ የቆርቆሮውን ፈተና በየወሩና መሣሪያው ከቦታ ወደ ቦታ በተዛወረ ቁጥር ይድገሙ፤ ውጤቱንም ከቀኑና ከፈታኙ ስም ጋር በአንድ ደብተር ይጻፉ።