የአካል ጉዳተኛ የትዳር ጓደኛን በቤት ውስጥ መርዳት

በላሊበላና በላስታ ደጋ ገደላማው መንገድና ድንጋያማው ደጅ ለተሽከርካሪ ወንበር አይመችም። በመሆኑም በኅብለ ሰረሰር ጉዳት እግሮቹ የማይታዘዙለት ሰው አብዛኛውን ቀን በመደብ ወይም በአልጋ ላይ ያሳልፋል፤ ዋነኛዋ ረዳቱም ባለቤቱ ትሆናለች።

ለሕይወቱ ከሚያሰጉት አንዱ የአልጋ ቁስል ነው። ቆዳው ስሜት ስለሌለው ቁስሉ ሳይታወቅ ይሰፋል፤ ኢንፌክሽኑም ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሲተኛ ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ፣ መቀመጫውን፣ ዳሌውንና ተረከዙን በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል። የቀላና ቶሎ የማይመለስ ቦታ ከታየ በዚያ ጎን አለማስተኛትና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። በብርድ ወቅት እሳት ሲሞቅም የማይሰማው እግሩ እንዳይቃጠል ከምድጃው ይራቅ።

ሆኖም ሁሉን ነገር ማድረግ መርዳት አይደለም። በእጁ መታጠብና መልበስ ከቻለ ለእርሱ መተው፣ ከማንሳትም በፊት መጠየቅ ጉልበቱንም ክብሩንም ይጠብቃል። ማገላበጡን ቤተሰብ በተራ ሲጋራ ደግሞ ሁለቱ በሽተኛና አስታማሚ ብቻ ሳይሆኑ ባልና ሚስት ሆነው ይኖራሉ።