ልጆቹን ይዞ በብስክሌት አገር ለማየት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት ስለሚገባው ነገር

ቀድሞ አባቶቻችን ወደ ሩቅ አገር በተነሡ ጊዜ የቀኑን ጕዞ ልክ የሚወስኑት በሰጋር በቅሎ ፍጥነት አልነበረም። ጭነት የተሸከመችው በቅሎና በእግሩ የሚከተለው ሰው ሳይጐዱ የሚደርሱበትን፥ ደግሞም ውሃና ሣር የሚገኝበትን ስፍራ ተመልክተው በዚያ ይሰፍሩ ነበር። መኪና ከመጣ ወዲህ ግን ይህ ጥበብ ከብዙዎቻችን ዘንድ ተረሳ። ብስክሌት ደግሞ ሰውን ወደዚያው ወደ ቀድሞው ጕዞ የሚመልስ መሣሪያ ነው፤ የሚሄደው በሰው ጕልበት ስለ ሆነ፥ አቀበቱንና ቍልቍለቱን፥ ፀሓዩንና ነፋሱን የሚለካው የጋላቢው ገላ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ይዞ በብስክሌት አገሩን ለማሳየት የሚያስብ አባት ሁሉ ይጠቀምበት ዘንድ፥ እኔ በስሕተት የተማርሁትን ሳልደብቅ ለመጻፍ ወደድሁ።

በ2017 ዓ.ም በየካቲት ወር፥ የ19 ዓመት ወንድ ልጄንና የ16 ዓመት ሴት ልጄን ይዤ፥ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ፥ በሆሳዕና፥ በወላይታ ሶዶና በአርባ ምንጭ አድርጌ ኮንሶ ለመድረስ አሰብሁ። አሳቡ መልካም ነበረ፤ ዕቅዱን ያወጣሁት ግን ማታ በመብራት፥ ካርታ ዘርግቼ በማስመሪያ ነው። መንገዱን በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እያደረግሁ ከፍዬ «በአምስት ቀን ይፈጸማል» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ሲታይ እጅግ ያማረ ነበር። ባለቤቴ አንብባ «ልጅቱ ስትደክም የምታርፈው ከየትኛው መስመር ላይ ነው?» ብላ ብትጠይቀኝ፥ ሣቅሁ እንጂ መልስ አልሰጠኋትም።

በመጀመሪያው ቀን ቡታጅራ የደረስነው ሊጨልም ሲል ነው። ጊዜ የለም በማለት የጢያን ትክል ድንጋይ እንኳ ሳናይ አለፍን፤ ለማየት የወጣን ሰዎች የምናየውን ትተን ኪሎ ሜትር ስንቈጥር ዋልን ማለት ነው። በማግሥቱ ወራቤን ካለፍን በኋላ፥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፥ የያዝነው ውሃ አለቀ። ሴት ልጄ ከኋላችን ቀርታ ነበርና ዞር ብል ብስክሌቷን ጥላ ከመንገድ ዳር ተቀምጣ አየኋት። ፊቷ ነጥቶ፥ እጆቿ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ወዲያውም አስመለሳት። በዚያ ሰዓት የገባኝን ድንጋጤ አባት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከመንገዱ አጠገብ ካለ ቤት አንዲት እናት ሮጠው መጡ። ልጄን ደግፈው ከእንሰቱ ጥላ ሥር አስተኟት፥ ጫማዋን አወለቁላት፥ በረጠበ ጨርቅ ራሷንና አንገቷን አቀዘቀዙላት፥ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጧት። ልጅቱ ዐይኗን ገልጣ መናገር በጀመረች ጊዜ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ጌታው፥ ይህችን ልጅ ከኋላዋ ምን አሳደዳት?» አሉኝ። ከኋላዋ ምንም አልነበረም፤ ያሳደዳት የእኔ ወረቀት ነበር። ሴትዮዋ እስከ ማታ አሳርፈውን፥ በማግሥቱ ብስክሌቶቻችንን ከአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነን ወደ ቤታችን ተመለስን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ተረት በእኔ ተፈጸመ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ብስክሌት በቤታችን ማንም አያነሣም ነበር። ዘንድሮ ግን ያችው ልጅ ራሷ መጥታ «አባባ፥ እኔ የደከምሁት በመንገዱ አይደለም፥ በጥድፊያው ነው፤ እንደገና እንሂድ» አለችኝ። እናቷ ይህን ሰምታ ለሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዛ ቀርባ «እንግዲያውስ ዕቅዱን እኔ ስጠይቅ እርስዎ ይጻፉ» አለችኝ። አሁን የማቀርበው እንግዲህ ከእርሷ ጥያቄ የተገኘ ነው።

መጀመሪያ የጠየቀችው «መቼ?» ብላ ነው። የበልግ ዝናም በደቡብ ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚበረታ፥ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩልም በበልግና በመስከረም ማግሥት ዝናም ስለሚወርድ፥ ለዚህ መንገድ የሚስማማው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለው የበጋ ጊዜ ነው። ደግሞም መነሻው ቀን ሳይደርስ በየከተማው ላሉ ዘመድና ወዳጅ ስልክ እየደወሉ የመንገዱን ሰላምና የጥርጊያውን ሁኔታ መጠየቅ ግዴታ ነው። መልሱ ካላማረ ቀን ማስተላለፍ ከውርደት አይቈጠርም።

ሁለተኛ የጠየቀችው «በቀን ምን ያህል?» ብላ ነው። ልጅቱን በሦስት እሑድ በከተማው ዙሪያ አስከትለን፥ ሳትሰለችና ሳትታመም የምትሄደውን ለካን፤ በሜዳ 70 ኪሎ ሜትር ሆነ። ስለዚህ ማንኛውም ቀን ከዚህ እንዳያልፍ ወሰንን። ይህንም ጻፍሁት፤ የጕዞ ልክ የሚወሰደው ከደካማው ተጓዥ ነው እንጂ ከብርቱው አይደለም። ብርቱው ቀድሞ የሚደርስ ከሆነ በመንገድ ላይ የሚያየውን ይጨምር።

ሦስተኛ የጠየቀችው «ምን ያያሉ?» ብላ ነው። ቀድሞ ይህን ከመጨረሻ አድርጌው ነበር፤ አሁን ግን የቀኑ ርቀት ሲያጥር የሚታየው በዛ። የተስማማንበትም መንገድ የሚከተለው ነው።

ከከተማው ግፊያ ለመዳን እስከ አለም ገና በመኪና እንወጣለን። ከዚያ በብስክሌት ወደ ደቡብ ስንወርድ በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። ይህ ስፍራ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ሲሆን በ2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚሁ አካባቢ 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የትልልቅ ሰዎችና የልጆች የእግር አሻራ በአንድነት ተገኝቷል። ከቤተ ሰብ ጋር ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መነሻ የት ይገኛል? ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ ለሚሄድም ከአንድ ዐለት የተፈለፈለች የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች።

በዚያው ቀን ጢያ አድረን፥ በማለዳ ትክል ድንጋዮቹን እናያለን። በስፍራው 36 ድንጋዮች ሲኖሩ፥ 32ቱ የሰይፍና የሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በ1972 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ከሥራቸውም መቃብር ተገኝቷል። ከጢያ እስከ ቡታጅራ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ከቀትር በፊት ይደረሳል። በማግሥቱ ከቡታጅራ በስተ ደቡብ፥ በእሳተ ገሞራ ጕድጓድ ውስጥ የተኛውን የሐረ ሸይጣንን ሐይቅ ከአፋፉ ተመልክተን፥ ወራቤ እናድራለን። ከዚያ ሆሳዕና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያም አንድ ሙሉ ቀን ማረፍ፥ ልብስ ማጠብና ብስክሌት መጠገን ነው። ቀጥሎ አረካ፥ ከዚያም አጭር ጕዞ አድርገን ወላይታ ሶዶ እንደርሳለን።

ከሶዶ በኋላ መንገዱ ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ ስለሚወርድ ሙቀቱ ይበረታል። ስለዚህ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ በምዕራብ ዓባያ አድረን ለሁለት እንከፍለዋለን፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተን ከአምስት ሰዓት በፊት አብዛኛውን እንጨርሳለን፤ ቀትሩን ከጥላ ሥር፥ የቀረውን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማድረግ ነው። በአርባ ምንጭ ሁለት ቀን እናርፋለን። ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች፥ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል የተዘረጋው የነጭ ሣር ፓርክ፥ በጫሞም ዳር የሚጋደሙት ታላላቅ አዞዎች ሁሉ በዚያ ይታያሉ። ከከተማው በላይ በጨንቻ ተራራ የሚኖሩት ዶርዜዎች ከቀርከሃ የሚሠሩት ረዥም ቤት ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ምስጥ ከሥሩ በበላው ቍጥር የተበላውን እየቈረጡለት፥ ቤቱ ከባለቤቱ ጋር እያረጀ ያጥራል። አቀበቱ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ የሚያስወጣ ስለ ሆነ ወደዚያ በመኪና እንሄዳለን።

ከዚህ ላይ ወንድ ልጄ ተነሥቶ ተቃወመ። ከአርባ ምንጭ እስከ ኮንሶ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወሰንነው ልክ በአንድ ቀን አይደረስም፤ በመካከሉም የሚያስተማምን ማደሪያ አላገኘንም። እናቱ «በአውቶቡስ ይሂዱ» ስትል፥ እርሱ «ሙሉውን በብስክሌት ካላደረስነው ሄድን ልንል አይገባንም» አለ። እኔም ባለፈው ዓመት ቢሆን ኖሮ የእርሱን አሳብ በያዝሁ ነበር። አሁን ግን «ልጄ ሆይ፥ ኮንሶዎች የምንሄድላቸው እኛን እንዲያደንቁ ነው ወይስ እኛ እነርሱን እንድናደንቅ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ፤ ኋላም ወረቀቱን ተቀብሎ «አውቶቡስ» የሚለውን ቃል በገዛ እጁ ጻፈው።

በእውነቱ ኮንሶ በድካም የደነዘዘ ዐይን ሊያየው የሚገባ አገር አይደለም። ሕዝቡ ደረቁንና ድንጋያማውን ተራራ በድንጋይ እርከን ከፍሎ ለእርሻ አድርጎታል፤ እርከኑ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ከተሞቹ በድንጋይ ካብ የተከበቡ ናቸው፤ በውስጣቸውም ሞራ የሚባሉ የሸንጎ አደባባዮች አሏቸው። ለሞቱ ጀግኖችና አለቆች ዋካ የሚባል የእንጨት ሐውልት ያቆማሉ። ይህ ሁሉ ከ400 ዓመት በላይ በትውልድ ቅብብል የቈየ ስለ ሆነ በ2003 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ስለ ሐውልቶቹም ልጆቼን አስጠንቅቄአለሁ፤ ማንም ለሽያጭ ቢያቀርብ መግዛት የሰውን መቃብር መዝረፍ ነው።

አራተኛ የጠየቀችው ስለ ስንቅና ስለ ዕቃ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ፥ ሳይጠማ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እንዲጠጣ፤ በሶ፥ ዳቦ ቆሎና ጨው፤ ሁለት ትርፍ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፥ መለጠፊያና ማስቲሽ፥ መንፊያ፥ መፍቻና የካቴና ዘይት፤ የራስ መከላከያ ቆብና የቍስል መድኃኒት። ጭነቱ ከብስክሌቱ ላይ ይታሰር እንጂ በጀርባ አይያዝ። በቍልቍለት ላይ ፍሬኑን ያለ ማቋረጥ መጭመቅ ያግለዋልና፥ በየጊዜው እየያዙ መልቀቅ፥ ከብትና ሕፃን ባለበትም ወርዶ መግፋት ይገባል። በጨለማ ፈጽሞ መሄድ አይገባም።

ስለ ጠባይም እንዲህ ተስማማን። በመንገድ ዳር የሚሮጡ ልጆችን ሰላም ማለት እንጂ ከረሜላ እየበተኑ ማለፍ ልመናን ማስተማር ነው። ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቀድሞ ማስፈቀድ፥ ሽማግሌ ሲያገኙ ከብስክሌት ወርዶ እጅ መንሣት ነው። በሰልፉም ፊት የምትሄደው ሴት ልጄ ናት፤ ሁላችንም በእርሷ ልክ እንከተላለን። እርሷ «እንረፍ» ካለች ማንም ምክንያት አይጠይቃትም።

ዕቅዱ በዚህ ተፈጸመ ስል፥ ባለቤቴ «አንድ ነገር ረስተዋል» ብላ ከሣጥን ጥበብ ያለው ነጠላ አወጣች። የገዛችው ከሽሮ ሜዳ ነው፤ የሠራውም በዚያ የተቀመጠ የዶርዜ ሸማኔ ነው። «ከወራቤ ወዲያ የልጄን ነፍስ ያሳረፉልኝን ሴት አግኝታችሁ ይህን ሳትሰጡ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ እንዳታልፉ» አለችን። እኔም ወረቀቱን ዘርግቼ፥ ከወራቤ ቀጥሎ ባለው ቀን፥ ከሆሳዕና በፊት «ከእንሰቱ ጥላ ሥር፥ ግማሽ ቀን» ብዬ ጻፍሁ።

ሴት ልጄ ነጠላውን አጥፋ ከራሷ ዕቃ ጋር አሰረችው። አንባብያን ሆይ፥ ሌላው ጭነት ሁሉ ተመዝኖ ነበር፤ ይህን ግን ይክበድ አይክበድ የመዘነው የለም።