ክራሬ «ይማርህ» ያለኝ ዕለት

ባለፈው እሑድ ሳስነጥስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ክራር «እምምም» ብሎ መለሰልኝ። «ይማርህ» ያለኝ ነው የመሰለኝ! ሳቄን ሳልጨርስ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝና ብድግ አልኩ። ስንት ሳምንት ሙሉ አልገባኝ ያለው የጆኒ ሚቸል የመጀመሪያ አልበም ምስጢር እኮ ይሄው ነው!

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ጆኒ ሚቸል ካናዳዊት ናት። ዘፈኗን ራሷ ትጽፋለች፣ ጊታሩንም ራሷ ትመታለች። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት ግራ እጇ ደክሞ ስለነበር፣ ጊታሩን ለጣቶቿ እንዲመች አድርጋ ነው የምትቃኘው፤ ልክ እኛ ክራሩን ከትዝታ ወደ ባቲ እንደምናዞረው። «ሶንግ ቱ ኤ ሲገል» የሚባለው የመጀመሪያ አልበሟ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ። አሥር ዘፈን ነው፣ ከሞላ ጎደል እሷና ጊታሯ ብቻ። ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ክሮስቢ ነበር። ብልጠቱ ደስ ይላል፦ ኩባንያው ሌላ መሣሪያ እንዳይጭንባት «እኔ አለሁ» ብሎ ፊት ለፊት ቆመና ልጅቷን እንደ ልቧ ተዋት።

አሁን እንቆቅልሹ። አልበሙን ስትሰሙት ዘፋኟ ከመጋረጃ ጀርባ ያለች ይመስላል። እኔማ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስፒከሬን ነበር። ነገሩን ሳጣራ ክሮስቢ ወደ ፒያኖ ሆድ ውስጥ እንድትዘፍን አድርጓት እንደነበር አነበብኩ። ፒያኖውን የሚመታ ሰው ግን የለም። ታዲያ ፒያኖው እዚያ ምን ይሠራል?

ካስነጠስኩ በኋላ ክራሩን አወረድኩና ጭኔ ላይ አጋደምኩት። ጥፍር የምታህል ወረቀት ቆርጬ፣ ለሁለት አጥፌ፣ አንዱ ክር ላይ እንደ ኮርቻ ጫንኳት። ጠጋ ብዬ «ኧ—» አልኩ። ዝም። ትንሽ አቀጠንኩት። አሁንም ዝም። ድምፄ ከክሩ ድምፅ ጋር ልክ ሲገጥም ግን ወረቀቷ ተንቀጠቀጠች! እጄ አልነካትም እኮ!

ነገሩ እንደ ዥዋዥዌ ነው። ምቱን ጠብቃችሁ በአንድ ጣት ገፋ ገፋ ብታደርጉት እየጨመረ ይሄዳል፤ ያለ ጊዜው ከገፋችሁት ይቆማል። ድምፃችሁ አየሩን ይገፋል፣ አየሩ ክሩን ይገፋል፤ ምታቸው ከገጠመ ክሩ ይነሣል። ክራር አምስት ወይ ስድስት ክር ነው ያለው። ትልቁ ፒያኖ ግን ከሁለት መቶ በላይ አለው! ክሮቹን የሚያፍኗቸውን ትንንሽ ትራስ መሰል ነገሮች በፔዳሉ ካነሣችሁላቸው፣ ምንም ዓይነት ድምፅ ብታወጡ የሚመልስላችሁ ክር አይጠፋም። ገባችሁ? ጆኒ አውራጅ፣ ፒያኖው ተቀባይ! ማንም ሳይነካው፣ ከስንኟ ጫፍ ላይ በለሆሳስ ይቀበላታል።

ታዲያ መጋረጃው ከየት መጣ? የዚህ ተቀባይ ድምፅ በጣም ዝግ ያለ ነው። እሱን ለመያዝ ማይክራፎኑ ሲከፈት የማይፈለገውም ሽሽታ አብሮ ገባ። ያንን ለማጥፋት ደግሞ ከላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ቆረጧቸው። እስቲ አሁን ባላችሁበት «ሽሽሽ» በሉ። ቀጥሎ «ስስስ»። ጎረቤታሞች አይደሉም? ሽሽታውን ስትቆርጡ የዘፋኟም «ሰ» እና «ሸ» አብሮ ይቆረጣል፤ ጣቷ የጊታሩን ክር ሲነካ የሚሰማው ጥርት ያለ ቅጭልታም እንደዚያው። ነጠላ ጥለት ላይ ወጥ ሲፈስ ፈትጋችሁ ታስለቅቁ የለ? ወጡ ይለቃል፣ ጥለቱም ይፈዛል። በቃ፣ መጋረጃው ይሄ ነው!

የሽፋኑም ዕድል ያው ነበር። ሥዕሉን የሠራችው ራሷ ናት፤ የአልበሙን ስም በሚበርሩ ወፎች ጻፈችው። ሲታተም ጫፉ ተቆረጠና ሰው አልበሙን በእሷ ስም ብቻ ይጠራው ጀመር። ነገሩን እስካውቅ ድረስ እኔም ወፎቹ ፊደል መሆናቸውን አላየሁም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገና የተቀላቀለ ቅጂ ወጥቷል። ሁለቱን አከታትዬ ሰማኋቸው፤ በአዲሱ መጋረጃው ገለጥ ብሏል፣ ጊታሩም ቀረብ ይላል። እኔ ግን ሰሞኑን የማበዛው አሮጌውን ነው። ስንኙ ባለቀ ቁጥር ትንፋሼን ውጬ ያንን ተቀባይ እጠብቃለሁ።

ቅዳሜ ኑ። ክራሩን መልሼ አልሰቀልኩትም፣ ወረቀቷም ክሩ ላይ ናት። በተለይ ጉንፋን የያዘው ካለ እንዳይቀር።